ካርታው ላይ ምን ተቀየረ? «ሕዝቡን አሳትፈናል» የሚለው አባባል በመሐንዲስ ዓይን

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምዕራብ ሸዋ ባለች አንዲት ከተማ፣ ለአሮጌው ሰፈር የተዘጋጀ ፕላን ለነዋሪዎች ሲቀርብ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። የእኔ ሥራ ቀላል ነበር፤ ፕሮጀክተሩን ማብራት፣ ካርታውን ማሳየት፣ ሲጠየቅ ማጉላት። ካርታውን ከሣሉት ጀማሪ ባለሙያዎች አንዱ ስለነበርኩ ትንሽ ኮራ ብያለሁ። መንገዶቹ ቀጥ ብለዋል፣ አረንጓዴ ቦታው በቦታው ነው፣ ቀለሙም ያምራል።

ውይይቱ የሚካሄደው በአፋን ኦሮሞ ነው። የካርታው መግለጫ ግን የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነበር። ያኔ ይህ ነገር ምንም አልመሰለኝም።

አንዲት ጠና ያሉ እናት እጃቸውን አወጡ። ካርታውን ለማንበብ አልሞከሩም፤ ዝም ብለው ቤታቸው የት እንደሆነ ነገሩን። «እኔ ከገበያው በታች ነኝ። በሐምሌ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ በግቢዬ አልፎ ነው ወንዝ የሚገባው። እናንተ እዚያ ላይ መንገድ አሳልፋችኋል። መንገዱ ይሁን፤ ውኃው ግን በየት ይሂድ?» ሰብሳቢው ፈገግ ብለው «አዴ፣ በጣም ጥሩ አስተያየት ነው፤ ተመዝግቧል» አሏቸው። ከዚያ ማይክራፎኑ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ወራት አለፉ። ፕላኑ ጸደቀ። አንድ ቀን ረቂቁንና የጸደቀውን ካርታ ኮምፒውተሬ ላይ አንዱን በአንዱ ላይ አነባብሬ አየኋቸው። አንድም መስመር አልተነቃነቀም። የተቀየረው ርዕሱ ብቻ ነው፤ «ረቂቅ» የሚለው ቃል ወጥቷል። ከካርታው ጋር በተያያዘው ሪፖርት ላይ ደግሞ ኅብረተሰቡ በፕላኑ ላይ በስፋት እንደተወያየና እንደደገፈው ተጽፏል።

ይህን የማነሳው ያንን መሥሪያ ቤት ለመክሰስ አይደለም። ከሣዮቹ አንዱ ነበርኩና ጥፋቱ የእኔም ነው። የማነሳው አሮጌ ሰፈሮቻችን በፍጥነት እየፈረሱ በሚገነቡበት በዚህ ዘመን «ሕዝቡን አሳትፈናል» የምትለው ዓረፍተ ነገር በየሪፖርቱ ስለማትጠፋ ነው። እውነት መሆኗን በምን እናውቃለን? የምህንድስና ሰው ደግሞ መለኪያ ካልያዘ እንቅልፍ አይወስደውም። እኔ የማቀርበው መለኪያ አንድ ጥያቄ ነው፦ ከውይይቱ በኋላ ካርታው ላይ ምን ተቀየረ?

ምጣድ፣ ሻወርና ከተማ

እስቲ ከኩሽና እንጀምር። እንጀራ ጋጋሪ ሊጡን ከማፍሰሷ በፊት ምጣዱ መጋሉን ትፈትሻለች። ጠብታ ውኃ ጣል ታደርግበታለች፣ ወይም ትንሽ ሊጥ ታፈስና ዓይኑን ታያለች። ካልጋለ እሳቱን ትጨምራለች፣ ከበዛ ትቀንሳለች። በምህንድስና ይህ «ዝግ ዑደት» ይባላል። ሥራው የሰጠው ውጤት ተለክቶ ወደ ውሳኔው ይመለሳል፤ ውሳኔውም በዚያ መሠረት ይስተካከላል። ተመልሶ የሚመጣው መረጃ «ግብረ መልስ» ነው።

ጋጋሪዋ ዓይኗን ጨፍና፣ በሰዓት ብቻ ተመርታ፣ «በየሦስት ደቂቃው አፈሳለሁ» ብትልስ? ይህ «ክፍት ዑደት» ነው። እንጨቱ ደረቅ፣ ነፋሱ ጸጥ ያለ፣ ሊጡም እንደ ትናንቱ ከሆነ ሊሳካላት ይችላል። አንዱ ነገር ከተለወጠ ግን እንጀራው ያርራል፤ ማረሩንም የምታውቀው ሲሸት ነው።

ግብረ መልስ መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም፤ በጊዜው መድረስ አለበት። የሆቴል ሻወር ከፍታችሁ ታውቃላችሁ? ውኃው ይቀዘቅዛል፣ ሙቁን ትከፍታላችሁ፣ ለውጥ የለም፤ አሁንም ትጨምራላችሁ። ከዚያ ድንገት የሚያቃጥል ውኃ ይመጣል። ደንግጣችሁ ትዘጉታላችሁ፤ ቆይቶ በረዶ የሆነ ውኃ ይወርድባችኋል። ቧንቧውም ማሞቂያውም ጤነኛ ነው። ችግሩ ያለው መረጃው በሚዘገይበት ሰዓት ላይ ነው። የዘገየ ግብረ መልስ ሥርዓቱን ከአንድ ጽንፍ ወደ ሌላው ጽንፍ ያወዛውዘዋል።

አሁን ወደ ከተማ እንመለስ። የሳተላይት ምስል የቆርቆሮ ጣሪያ ያሳየናል። ከቆርቆሮው ሥር ስንት ቤተሰብ እንዳለ፣ የትኛው ግቢ በጠዋት የእንጀራ መሸጫ እንደሆነ፣ የእድሩ ድንኳን የት እንደሚተከል፣ ጎርፉ በየት በኩል እንደሚያልፍ ግን አያሳይም። ይህን የሚያውቁት እዚያ የሚኖሩት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ነዋሪን መጠየቅ ውለታ ወይም ትሕትና ተደርጎ ሲታይ ይገርመኛል። ነዋሪው የፕላኑ ሴንሰር ነው። ሴንሰሩን ሳትሰኩ ማሽን ብታስነሱ ማንም «ትሑት አይደላችሁም» አይላችሁም፤ «ሥራችሁን አታውቁም» ነው የምትባሉት።

አምቦና ጊንጪ፦ ዘግይቶ የመጣ መልስ

አምቦን ብዙዎቻችሁ የምታውቋት በጠርሙሷ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ወደ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ፣ ሁሉቃ ወንዝ የሚያቋርጣት፣ ፍል ውኃ ያላት ከተማ ናት። በንጉሡ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። ድንጋይዋም በአዲስ አበባ የብዙ ሕንፃዎችን ግድግዳ አልብሷል። ለከተማ ፕላን ተማሪ ግን አምቦ ሌላም ትርጉም አላት። በአገራችን ታሪክ ስለ አንድ የከተማ ፕላን ትልቁ ተቃውሞ ከተነሳባቸው ቦታዎች አንዷ ናት።

በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያለውን የኦሮሚያ ልዩ ዞን አንድ ላይ የሚያቅድ የተቀናጀ ማስተር ፕላን ጉዳይ አደባባይ ወጣ። ሚያዝያ ላይ አምቦን ጨምሮ በኦሮሚያ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎችና ከተሞች ተቃውሞ ተነሳ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ያለ መሰለ። ኅዳር 2008 ዓ.ም. ላይ ከአዲስ አበባ 80 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በጊንጪ፣ የከተማዋ ደንና የኳስ ሜዳ ለባለሀብት ሊሰጥ ነው በሚል ቅሬታ ተማሪዎች ወጡ። ተቃውሞው ከጊንጪ ወደ መላው ኦሮሚያ ተዛመተ፤ ብዙ ሰው ሞተ። ጥር 2008 ዓ.ም. ላይ በወቅቱ ክልሉን ያስተዳድር የነበረው ኦሕዴድ ማስተር ፕላኑ እንዲቆም መወሰኑን አሳወቀ።

ስለዚህ ጉዳይ የፖለቲካ ትንታኔ ብዙ ተጽፏል። የአርሶ አደሩ መፈናቀል፣ የካሣው ማነስ፣ የአስተዳደር ወሰን፣ የማንነትና የቋንቋ ሥጋት፣ ሁሉም የየራሱ ክብደት አለው። እኔ የምጨምረው አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ከሂደቱ አንጻር ስናየው ይህ ፕላን የተሠራው በክፍት ዑደት ነው። ባለሙያዎች ተሰብስበው መረጃ አሰናዱ፣ ሞዴል ሠሩ፣ ካርታ አወጡ። ካርታው ላይ መሬቱ ያለበት ገበሬና የከተማ ነዋሪ ግን ነገሩን የሰማው መስመሩ ከተሰመረ በኋላ ነው። ግብረ መልሱ መጣ፤ የመጣው ግን በአዳራሽ በኩል ሳይሆን በአደባባይ ነው፣ ያውም በደም።

ውጤቱም ያው እንደ ሻወሩ ሆነ። ከ«ፕላኑ አይነካም» ወደ «ፕላኑ ቀርቷል»። በመካከል «እዚህ ጋ እናሻሽለው፣ ያኛውን እንተወው» የሚባልበት ቦታ አልነበረም። ይህን የምለው ፕላኑ መቅረት አልነበረበትም ለማለት አይደለም። እዚያ ደረጃ ከደረሰ በኋላ ሌላ መንገድ ማግኘት ይከብዳል። ፕላኑ ሲቀር ግን ፕላኑን የወለዱት ጥያቄዎች አብረው አልቀሩም። ከተሞቹ መስፋታቸውን ቀጠሉ። ውኃው ከየት ይምጣ፣ ቆሻሻው የት ይጣል፣ መንገዱ በማን መሬት ይለፍ፣ ገበሬው በምን ይተዳደር የሚሉት ሁሉ እንዳሉ ናቸው። ሕዝብን ሳይጠይቁ ማቀድ መጨረሻው አለማቀድ ሆነ።

ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው በዚያው መንገድ ላይ ተቃራኒውን የሚያስተምር ከተማ አለ፤ አዲስ ዓለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ዋና ከተማውን ወደዚያ ለማዛወር አስበው ግንባታ አስጀምረው ነበር። ምክንያቱ አዲስ አበባ ዙሪያ የማገዶ እንጨት ማለቁ ነው። በኋላ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ እየተስፋፋ ሲሄድ የማገዶው ችግር ተቃለለ፤ ዝውውሩም ቀረ። ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሥፍራ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ያኔ ማንም ሕዝብ አልተጠየቀም፤ ነገሩ የአንድ ንጉሥ ውሳኔ ነበር። ቢሆንም ግን ፕላን የተቀደሰ ነገር እንዳልሆነ፣ አዲስ መረጃ ሲመጣ መቀየሩ ነውር እንዳልሆነ ያሳያል። በተለይ በጊዜ ከሆነ! በእርሳስ የተሰመረን መስመር ለማጥፋት ላጲስ ይበቃል። አስፋልት የሆነን መስመር ለማጥፋት ግሬደር ያስፈልጋል።

ሕጉ ሴንሰር አለው፤ የት እንደተሰካ ግን እዩ

«ሕግ የለንም እንዴ?» ትሉ ይሆናል። አለን። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ሁለት ዓይነት ፕላን ያውቃል። አንደኛው የከተማውን አጠቃላይ አቅጣጫ ለ10 ዓመት የሚወስነው መዋቅራዊ ፕላን ነው። ሁለተኛው ወደ ሰፈር ወርዶ ዝርዝሩን የሚሠራው የአካባቢ ልማት ፕላን ነው። አዋጁ ረቂቅ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ ያዝዛል። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ አንድ ትልቅ ሐሳብ ይዞ መጣ፤ አቅሙ ያለው ባለይዞታ በፕላኑ መሠረት መሬቱን ራሱ ለማልማት የቅድሚያ መብት እንዲኖረው። በግልም በጋራም!

ጥሩ ነው። የእኔ ትችት ያለው ቃሉ ላይ ነው፤ «ረቂቅ»። ረቂቅ ማለት አብዛኛው ውሳኔ ያለቀበት ሰነድ ነው። ለወራት የለፋንበት፣ በጀቱ ያለቀ፣ ለአለቃ የቀረበ ነገር። እዚያ ደረጃ ላይ አንዲት እናት ስለ ጎርፍ ቢጠይቁ መንገዱን ለማዞር ግማሹን ሥራ እንደገና መሥራት ሊኖርብን ነው። ስለዚህ «ተመዝግቧል» እንላለን። ክፋት አይደለም፤ የሂደቱ ቅርጽ ነው እንዲህ የሚያደርገን። ሴንሰሩ አለ፤ የተሰካው ግን ከማሽኑ መጨረሻ ላይ ነው።

አሜሪካዊቷ ሼሪ አርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመችው ዝነኛ ጽሑፍ የዜጎችን ተሳትፎ ስምንት እርከን ባለው መሰላል መስላዋለች። ከታች ያሉት ሁለቱ እርከኖች ተሳትፎ አይባሉም፤ ሰውን ማታለልና ማባበል ናቸው። ከመካከል ማሳወቅ፣ ማማከርና ማስደሰት አሉ። ሰው ይሰማል፣ ይናገራል፤ የተናገረው እንዲፈጸም የሚያደርግበት ሥልጣን ግን የለውም። ከላይ አጋርነት፣ የተወከለ ሥልጣንና የዜጎች ቁጥጥር ይመጣሉ። የእኔ አዳራሽ የት ላይ ነበር? በጣም ብናዝንለት አራተኛው እርከን፣ ማማከር ላይ ነው። ሪፖርታችን ግን ስድስተኛው ላይ እንደወጣን ያስመስላል።

አሮጌ ሰፈር ለምን ያረጃል?

አሮጌ ሰፈር ሲነሳ «ነዋሪዎቹ ቤታቸውን አይጠግኑም፣ አካባቢያቸውን አይጠብቁም» የሚል ነገር ይሰማል። እስቲ መካኒኩን እንየው።

በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አነስ ያሉት የኪራይ ቤቶች በቀበሌ ሥር ገቡ፤ ኪራያቸውም በጣም ዝቅ ተደርጎ ተተመነ። ለድሃው ትልቅ እፎይታ ነበር። ግን አንድ ነገር ተከተለ። ተከራዩ ቤቱ የእሱ አይደለምና ገንዘብ አያፈስበትም፤ ነገ ልቀቅ ሊባል ይችላል። ቀበሌው ደግሞ የሚሰበስበው ኪራይ ለቆርቆሮ መቀየሪያ እንኳ አይበቃውም። ጭቃ ቤት ደግሞ እንደ ሰው ነው፤ በየዓመቱ ካልተመረገ ዝናቡ ይበላዋል። ሁለት ባለቤት ኖሮት አንድም ጠጋኝ የሌለው ቤት ሃምሳ ዓመት ሲቆም ምን ይሆናል? ያው እንደምታዩት ይሆናል። እርጅናው የመጣው ከነዋሪው ጠባይ ሳይሆን ከሕጉ አሠራር ነው።

ምክንያቱ ይህ ከሆነ መድኃኒቱ ማፍረስ ብቻ ላይሆን ይችላል። የአዲስ አበባን ልምድ ተመልከቱ። ልደታ ሙሉ ሰፈር ፈርሶ ኮንዶሚኒየምና ሕንፃ ተሠራበት። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከከተማዋ አንጋፋ ሰፈሮች አንዱ የሆነው ፒያሳ፣ በኮሪደር ልማቱ በጥቂት ወራት ውስጥ መልኩ ተለወጠ፤ ቀጥሎ ካዛንቺስ። ፍትሐዊ ለመሆን፣ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመርና መብራት ለከተማዋ የሚያስፈልጉ ነገሮች ናቸው፤ በእግሩ የሚሄድ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ግን በአጭር ጊዜ ማስጠንቀቂያ መነሳታቸውን የተናገሩ ነዋሪዎች ነበሩ። ከመሀል ከተማ ወደ ዳር የተወሰደ ቤተሰብ የተሻለ ቤት ሊያገኝ ይችላል፤ የሥራ ቦታውን፣ ጉልቱን፣ እድሩንና የልጆቹን ትምህርት ቤት ግን ካርቶን ውስጥ አሽጎ አይወስዳቸውም። እነዚህን የሚያስቆጥር ቅጽ እኔ ከሞላኋቸው ቅጾች ውስጥ አላየሁም። የምንቆጥረው ካሬ ሜትር ነው።

ይህ ለምን የአምቦ ወጣት ጉዳይ ሆነ? የኮሪደር ልማት ከአዲስ አበባ ወደ ክልል ከተሞች ተሻግሯል። የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ደግሞ አብዛኞቹ አንድ ዓይነት አቀማመጥ አላቸው፤ አንድ ዋና አስፋልት፣ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ የተለጠፈ አሮጌ ሰፈር፣ ገበያና ወንዝ። መንገዱ ሲሰፋ መጀመሪያ የሚነካው አሮጌው ሰፈር ነው።

ሠርተው ያሳዩ አሉ

ነዋሪ መር ልማት የሕልም እንጀራ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ጀምበር ተፈራ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የጀመሩት የተቀናጀ የከተማ ልማት ፕሮጀክት በተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባሉ በጣም የተጎዱ ቀበሌዎች ውስጥ ሠርቷል። ሰፈሩን ከማፍረስ ይልቅ እዚያው እንዳለ ቤት መጠገን፣ የጋራ መጸዳጃና ማብሰያ መሥራት፣ የውስጥ መንገድና የፍሳሽ ቦይ ማበጀት፣ ከዚያ ጋር ጤናንና ገቢን አብሮ መያዝ ነበር አካሄዱ። የሰፈሩ ሰዎች ምን እንደሚቀድም ራሳቸው ይወስኑ ነበር።

ሌላው የምወደው ምሳሌ የፓኪስታኗ ካራቺ ውስጥ ያለው ኦራንጊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 አክታር ሐሚድ ካን የሚባሉ ሰው እዚያ ሲገቡ ነዋሪው ፍሳሽ ማስወገጃ አልነበረውም፤ ማዘጋጃ ቤቱን ይጠብቃል። ካን ሥራውን ለሁለት ከፈሉት። «የውስጥ» የተባለው የቤት መጸዳጃና የጉራንጉሩ ቧንቧ ነው። ይህን ከ20 እስከ 40 ቤት ያለው አንድ ጉራንጉር ተሰብስቦ፣ ኃላፊ መርጦ፣ ገንዘብ አዋጥቶ ራሱ ይሠራል። «የውጭ» የተባለው ዋናው መስመርና ማጣሪያው ነው፤ እሱ የመንግሥት ድርሻ ነው። የመሐንዲሶቹ ሥራ ንድፉን ማቅለል፣ ዋጋውን ማውረድ፣ የሰፈሩን ወጣቶች መለካትና ካርታ መሥራት ማስተማር ሆነ። ወጣቶች ካርታ ሠሩ! ይህን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

እኛም ጋ ለዚህ የሚቀርብ ነገር አለ፤ ኮብልስቶን። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ተጀምሮ በየከተማው ሲስፋፋ፣ በብዙ ቦታ የውስጥ መንገድ የተነጠፈው ነዋሪው ኮሚቴ አቋቁሞ፣ በየቤቱ አዋጥቶ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ የራሱን ጨምሮ ነው። ኮሚቴው ገንዘብ ስለሚያወጣ «ቦዩ በየት በኩል ይለፍ» ሲል ይሰማል። የእድር ወይም የአፎሻ መዝገብ ያላት ከተማ ደግሞ የነዋሪ ዝርዝር፣ የተመረጠ ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ፣ የስብሰባ ቀን፣ እንዲያውም ለቀሪ ቅጣት ጭምር አላት። ከዜሮ አንጀምርም።

ማኅበረሰቡስ ፍጹም ነው ወይ?

እዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ ካልተቸሁ ትችቴ ጎደሎ ነው። «ማኅበረሰብ» የሚባል አንድ ሰው የለም። እድሩን የሚመሩት ብዙውን ጊዜ ጠና ያሉ ወንዶችና ባለቤቶች ናቸው። በኪራይ የሚኖረው የቀን ሠራተኛ፣ ጉልት ላይ የምትቸረችረው ሴት፣ ከገጠር መጥቶ ክፍል የተከራየው ተማሪ መዝገቡ ላይ ላይኖሩ ይችላሉ። ሰፈሩ ሲለማ ኪራይ ይጨምራል፤ መጀመሪያ የሚወጡት ግን እነሱ ናቸው። ነዋሪ መር ተብሎ ባለቤት መር የሆነ ፕላን ከላይ የመጣውን ክፍት ዑደት ወደ ሰፈር አወረደው እንጂ አልዘጋውም።

ሁለተኛ፣ ፊዚክስ በድምፅ ብልጫ አይሸነፍም። ከላይኛው ሰፈር የሚመጣ ጎርፍ የታችኛው ሰፈር ተሰብስቦ ስለወሰነ አይቆምም። የታችኞቹ ግንብ ቢሠሩ ውኃው ወደ ጎረቤት ይዞራል። ለዚህ ነው የኦራንጊ ክፍፍል ብልህ የሚሆነው። ነዋሪው በሚያየውና በሚነካው ላይ ይወስናል፤ ሰፈርን ከሰፈር የሚያገናኘውን ማዘጋጃ ቤቱ ይሸከማል። «ሁሉንም ለሕዝቡ ተዉት» ማለት አንዳንዴ መንግሥት ከኃላፊነት የሚያመልጥበት በር ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ጊዜ ይፈጃል። አዎ፣ ይፈጃል። ግን የ2006ቱን ፕላን አስታውሱ። «ፈጣን» የነበረው መንገድ ዓመታት ወስዶ፣ ሕይወት በልቶ፣ ያለ ፕላን ቀረ። ጊዜ ስትቆጥሩ ከየት እስከ የት እንደምትቆጥሩ ተጠንቀቁ።

ሦስት ጥያቄዎች፣ አንድ ሠንጠረዥ

በከተማችሁ የፕላን ስብሰባ ሲጠራ ሂዱ፤ ወጣት ነን ብላችሁ አትቅሩ። ሦስት ነገር ጠይቁ።

አንደኛ፣ መቼ ነው የተጠየቅነው? ባዶ ካርታ ይዘው «ችግራችሁን አሳዩን» ካሉ ጥሩ ምልክት ነው። ያለቀ ካርታ ከሆነ የመጣው፣ ሴንሰሩ መጨረሻ ላይ ነው የተሰካው።

ሁለተኛ፣ ስንት አማራጭ አለ? አንድ ካርታ ብቻ ከቀረበ ምርጫ አልቀረበም። ሁለትና ሦስት አማራጭ፣ ከነዋጋቸውና ከነሚነሳው ቤት ቁጥር፣ ሰው በሚገባው ቋንቋ የተጻፈ መግለጫ ጋር መሆን አለበት።

ሦስተኛ፣ ምን ተቀየረ? እዚህ ላይ አንድ ቀላል ሠንጠረዥ ሐሳብ አለኝ፤ ሦስት ዓምድ ያለው። በመጀመሪያው የተሰጠው አስተያየት፣ በሁለተኛው ካርታው ላይ የተደረገው ለውጥ፣ በሦስተኛው ለውጥ ካልተደረገ ምክንያቱ ይጻፋል። ከጸደቀው ፕላን ጋር በማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ሁለተኛው ዓምድ ከላይ እስከ ታች ባዶ ከሆነ፣ ማንም ሳይናገር ሠንጠረዡ ራሱ ይናገራል። ወጪው የአንድ ወረቀት ዋጋ ነው።

ከጥያቄ ያለፈም ነገር ማድረግ ይቻላል። የኦራንጊ ወጣቶች በእጃቸው ለክተው ካርታ ሠርተዋል፤ እናንተ ደግሞ ስልክ አላችሁ። ክረምት ሲገባ ጎርፉ የሚያልፍበትን መስመር፣ ውኃው ግድግዳ ላይ የደረሰበትን ከፍታ፣ ጉልቱ የሚዘረጋበትን ሰዓት መዝግቡ። ነጻ በሆነው ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ ጉራንጉራችሁን ጨምሩ። ስብሰባ ላይ «ጎርፍ ያስቸግራል» ከማለት «በሐምሌ ሦስት ጊዜ መጥቷል፣ እስከዚህ ድረስ ነው የደረሰው» ማለት ለመሐንዲስ ከባድ ነው፤ «ተመዝግቧል» ብሎ ማለፍ ያሳፍረዋል። ከራሴ ነው የማውቀው።

ካርታዎቹን ካነባበርኩ በኋላ በነበረው ክረምት ወደዚያች ከተማ ተመልሼ የእናትየዋን ግቢ አየሁት። መንገዱ ገና አልተሠራም ነበር። ከግድግዳው ላይ፣ ከጉልበቴ ዝቅ ብሎ፣ ከበሩ እስከ ጓሮው የሚሄድ የጭቃ መስመር አለ። ከሥሩ ሌላ የደበዘዘ መስመር፣ ከሱም ሥር ሌላ። የየክረምቱ ነው። እኛ በብዙ ገንዘብ ያልገዛነው መረጃ እዚያ ግድግዳ ላይ በጭቃ ተጽፎ ነበር። ሜትሬን አውጥቼ ለካሁት። እናትየዋ ቡና እያፈሉ አዩኝና፣ «አሁን ነው የምትለካው?» አሉኝ።